ባሕር ማዶ የታጠበ ግቢ

በካምፕ ሰባት መጥረጊያ ከተከለከለ ብዙ ዘመን ሆኖታል። ጠዋት ጠዋት ግቢ የሚጠርግ ሰው የለም፤ ደጃፉን በእርጥብ ጨርቅ ዳበስ ዳበስ አድርጎ ይገባል። ፍየሎች ከበረት ሲወጡ በአራቱም እግራቸው የጎማ ጫማ ይጠለቅላቸዋል። ሠርግ ላይ እስክስታ ይፈቀዳል፤ እግር ማንሳት ግን አይፈቀድም፤ ሙሽሮቻችን የሚጨፍሩት ከወገባቸው በላይ ብቻ ነው። ልጅ ሲሮጥ መሬቱ እንዳይረገጥ ከተነጠፈው የላስቲክ መንገድ ከወጣ እናቱ ስሙን አትጠራም፤ «መሬቱ፣ መሬቱ» እያለች ነው የምትከተለው። ለመድነው። ልጆቹማ ሌላም አያውቁ።

እኔ ስንዱ እባላለሁ፤ ሥራዬ መርጨት ነው። ጎህ ሲቀድ ቦቴዬን አስነስቼ በየመንደሩ እዞራለሁ። ሙጫውን በመንገዱ ዳርና በየግቢው እረጫለሁ፤ ፀሐይ ሲመታው መሬቱ እንደ ዳቦ ቅርፊት ይደርቃል። ሰው የረገጠውን፣ አይጥ የቆፈረውን፣ ፍየል የፈነቀለውን እየዞርኩ እደፍናለሁ። ከኋላዬ «ስንዱ ሙጫ» ነው የሚሉኝ። እሰማለሁ። ይበሉ፤ ሙጫ ባልሆን ኖሮ እስካሁን በጥም አልቀው ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ካምፕ ሰባት በአያቴ ዘመን የጥጥ እርሻ ነበር፤ ታች አዋሽ፣ ሐይቁ አጠገብ። ወንዙ እኛ ዘንድ መድረሱን ሲያቆም ጥጡም ሐይቁም ሄዱ፤ አፈሩ ብቻ ቀረን። እሱንም ነፋሱ በየክረምቱ እያነሳ በጅቡቲ በኩል ያሻግረዋል፤ ባሕሩን አቋርጦ ሕንድ ዳርቻ ላይ ያራግፈዋል። ዳርቻው ላይ ዓይን እስኪታክት የተነጠፈ የፀሐይ ሰሌዳ አለ። ሰሌዳ አቧራ ከለበሰ መብራት አይሰጥምና ይታጠባል። አጣቢዎቹ ውኃ ከማፍሰሳቸው በፊት አንዲት ትንሽ መሣሪያ አቧራው ላይ ያስጠጋሉ፤ መሣሪያዋ አፈሩ ከየት እንደመጣ ስሙን ትጠራለች፤ ሙጫችን ውስጥ ምልክታችን አለና። ከዚያ እዚያ ለመታጠቢያ የፈሰሰውን ያህል ውኃ እዚህ ከእኛ ቧንቧ ላይ ይቀነሳል። የቅንጣት ሕግ የሚባለው ይኸው ነው። ትክክለኛ ሕግ ነው የሚሉ አሉ። የሚሉትም ባሕር ማዶ ያሉት ናቸው።

እትዬ አልጣሽ የአጥር ጎረቤቴ ናቸው። ልጃቸው ምንተስኖት አንድዬ ነው፤ አባቱ የሞተው እሱ ገና ጡት ሳይጥል ነው። እሳቸው በዚህ ጠፍ መሬት ላይ የሰው ዶሮ እያረቡ፣ ከራሳቸው ጉልበት አውጣጥተው አሳደጉት። ለሥራ ተመዝግቦ ባሕር ማዶ ሲሄድ የደረሰው ዕጣ ሰሌዳ ማጠብ ሆነ። ስልክ እየደወለ ይቀልድብኝ ነበር፤ «ስንዱዬ፣ አንቺን ያመለጠሽን እዚህ የምለቅመው እኔ ነኝ» ይለኛል። ለእናቱ ግን ሌላ ነው የሚነግራቸው። መሣሪያዋን አስጠግቶ «ካምፕ ሰባት» ስትለው ያችን ሰሌዳ ቀስ ብሎ፣ በደንብ አድርጎ ነው የሚያጥባት። ማታ ደውሎ «እማዬ፣ ዛሬ ግቢያችንን አጠብኩት» ይላቸዋል።

እሳቸው ደግሞ ይህችን ለማውራት በየቤቱ ይዞራሉ። እንዳንጠርገው የተከለከልነውን ግቢ ልጄ ባሕር ማዶ ሆኖ ያጥብልኛል እያሉ ይስቃሉ። አንድ ቀን፣ አፌ አያርፍምና፣ ለእርስዎ ቢታጠብልዎ የምንጠማው እኛ ነን ብያቸው ሳምንት አኮረፉኝ። በኋላ በአንድ ሳህን ሹሮ ታረቅን፤ ሹሮውን ያመጡት እሳቸው ናቸው።

በነፋሱ ወራት፣ ከሰኔ እስከ ነሐሴ መጨረሻ፣ ወደ ባሕር ማዶ የሚደወል ስልክ ያንቋርራል፤ አብዛኛውን ቀን ጨርሶ አይሰማም። እየቆራረጠም ቢሆን የሚሠራው የቦቴ ጣቢያው ስልክ ብቻ ነው። ሰኔ እንደገባ ያ ስልክ ጮኸ፤ አነሳሁት። ሱኒል የሚባል ሰው ነው፤ ከምንተስኖት ጋር በአንድ ረድፍ የሚያጥብ። አስተርጓሚው ማሽን በዚያ ደረቅ ድምፁ ቃል በቃል ነገረኝ። ምንተስኖት ከላይኛው ሰሌዳ ላይ አዳልጦት ወድቋል። ሰሌዳው እርጥብ ነበር። በዚያው ቀን አረፈ።

የማንን አቧራ ሲያጥብ ነበር ብዬ አልጠየቅኩም። መልሱን መስማት አልፈለግኩም።

የት ቀበራችሁት ስለው፣ እዚያ ለውጭ አገር ሰው የሚሆን የመቃብር መሬት የለም አለ። ባሕሩ ዳር የሲሚንቶ ግድግዳ አለ፤ ግድግዳው ውስጥ በየሣጥኑ ነው የሚያስገቡት። ታሽጓል። ሱኒል ሊያጽናናኝ ፈልጎ ንጹሕ ቦታ እንደሆነ ደጋግሞ ነገረኝ። «አፈር አልነካውም ማለት ነው?» አልኩት። አልነካውም አለ፤ ደስ የሚለን መስሎት ነው፣ ምስኪን። ስልኩን ዘግቼ ቦቴዋ ጎማ ሥር ተቀምጬ አለቀስኩ፤ ጎማው ሥር መሬቱ ምንጣፍ አለው፣ ማልቀስ ይቻላል።

ጋሽ ሞላልኝ የእድራችን ዳኛ ናቸው። ሄጄ ነገርኳቸው፤ እሳቸውም ጥቂት ሽማግሌዎችን ከውኃው ታንከር ሥር ሰበሰቡ። በእኛ ዘንድ ሞት ለእናት እንደ ድንጋይ አይወረወርም። መርዶ የሚነገረው ጎህ ሲቀድ፣ ሽማግሌ ፊት ቀርቦ፣ ስትወድቅ የሚደግፋት ሰው በግራ በቀኝዋ ቆሞ ነው፤ ከዚያ ሰፈሩ ሁሉ አብሯት ይጮኻል። በነፋሱ ወራት ግን አንድ ግቢ ውስጥ መሰብሰብ ክልክል ነው። መሬት ላይ መውደቅ፣ እየተነሱ እየወደቁ ማልቀስ፣ ድንኳን መትከል፣ ሁሉም ክልክል ነው። ጋሽ ሞላልኝ ባርኔጣቸውን አውልቀው ራሳቸውን አከኩ። «ልጅሽ ሞቷል ብለን ነግረናት፣ ነገር ግን ዝም ብለሽ ተቀመጪ ልንላት ነው?» አሉ። እስከ መስከረም እንደብቅ ተባለ። ነፋሱ ሲበርድ ወግ ባለው መርዶ እንነግራታለን፤ ስልኩ እንደሆን አይሠራ፣ አታውቅም። ሁላችንም ተስማማን፤ እኔም ተስማማሁ።

ሁመድ ብቻ አልተስማማም። ሁመድ አፋር ነው፤ አያቶቹ ከአያቶቻችን ጋር ከጥጡ ጊዜ ጀምሮ ከአንድ ቦይ ሲጠጡ የኖሩ። አፋር መንገድ ላይ ሰው ሲያገኝ ተቀምጦ ዳጉ ይለዋወጣል፤ ያየውን፣ የሰማውን፣ ማን እንደወለደ፣ ማን እንደሞተ፣ ሳይጨምር ሳይቀንስ ይናገራል። ወሬ መደበቅ እነሱ ዘንድ ነውር ብቻ አይደለም፣ ሰው ማሳት ነው። «ካገኘኋት ትጠይቀኛለች፤ ከጠየቀችኝ እነግራታለሁ» አለ ሁመድ። ጋሽ ሞላልኝ «እንግዲያው አታግኛት» አሉት። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሁመድ ፍየሎቹን በእትዬ አልጣሽ ደጅ መንዳቱን ትቶ በአሮጌው ቦይ ኋላ ዞሮ ይነዳ ጀመር። መንገዱ እጥፍ ነው። የፍየሎቹ ጫማ ሲያልቅ እያየሁ አዝንለት ነበር።

እኛ ደግሞ ለእትዬ አልጣሽ ደግ ሆንን። ከልክ በላይ ደግ ሆንን። ጎመን የቀቀለ ጎመን ይልካል፤ ውኃ ወረፋ ላይ ሰው ሁሉ ቅደሙ ይላቸዋል። እኔ ማታ ማታ ጎራ ብዬ «ምንቴ ምን አለ?» እያልኩ ስጠይቅ የኖርኩት ሴትዮ፣ ስለ ወገብ ሕመማቸውና ስለ ዶሮዎቻቸው ብቻ አወራ ጀመር። ዓይናቸውን ማየት አቃተኝ።

ሰኔ ሊያልቅ ሲል አንድ ማለዳ ቦቴዬ በእሳቸው ጓሮ በኩል ስታልፍ ጮኸች፤ የተነቀለ መሬት ስታገኝ እንዲያ ናት። ወርጄ ባይ ከውኃ ሮቶው አጠገብ ቅርፊቱ ተነቅሏል፤ የቡጢ ያህል ጉድጓድ። አይጥ ነው ብዬ ደፈንኩት። በማግስቱ ከጎኑ ሌላ ጉድጓድ አገኘሁ። የዚያን ዕለትም አይጥ አልኩ። በሦስተኛው ጉድጓድ ውስጥ ግን የጣት ምልክት ነበር።

ገባኝ፤ ወይም የገባኝ መሰለኝ። ሴትዮዋ ስልኩ እንቢ ቢላቸው አፈር እየላኩለት ነው። ከግቢያቸው እየዘገኑ ለነፋስ ይሰጣሉ፤ እሱ እዚያ መሣሪያዋን አስጠግቶ «ካምፕ ሰባት» ስትለው እናቴ ደህና ናት እንዲል። ልጁ ደግሞ የለም። እጄ ላይ ያለው የሙጫ ቱቦ ከበደኝ። ልከልክላቸው? ምክንያቱን ምን ብዬ? ዝም ልበል? ግቢያቸው በተደጋጋሚ የተነቀለ ሰው ግቢው ይዘጋበታል፤ ሲሚንቶ ይፈስበትና ባለቤቱ ደጋ ወደሚገኘው መጠለያ ይወሰዳል። እትዬ አልጣሽ ከዚህ ግቢ ወጥተው ሳምንት አይቆዩም፣ እኔ አውቃቸዋለሁ። ስለዚህ በየማለዳው ከሰው ቀድሜ እየሄድኩ ደፈንኩላቸው፤ ቦቴዋ ለቅንጣት ጽሕፈት ቤት የምትልከውን ምክንያት ስትጠይቀኝም «አይጥ» እያልኩ ሞላሁ።

አንድ ቀን ሆዴ አልችል ብሎኝ፣ እትዬ አልጣሽ፣ ጓሮዎ አይጥ ገብቶበታል አልኳቸው። ሹራባቸውን ይሠሩ ነበር፤ ቀና ሳይሉ «አንቺ አለሽ አይደል፣ ድፈኚው» አሉኝ።

ሐምሌ አጋማሽ ላይ ከቅንጣት ጽሕፈት ቤት መልእክት መጣልኝ። የካምፕ ሰባት አይጥ በዝቷል፤ በሳምንቱ መጨረሻ መርማሪ እንልካለን፤ አይጥ ካልሆነ ግቢው ይዘጋል። አለቀ አልኩ። በማግስቱ ከወትሮው ቀድሜ ተነሳሁ። ቦቴዋን ራቅ አድርጌ አቁሜ በላስቲኩ መንገድ በእግሬ ሄድኩ፤ እጅ ከፍንጅ ይዤ ልለምናቸው ነው ሐሳቤ። ሰማዩ ገና ሊቀላ ነው። እትዬ አልጣሽ ነጠላቸውን አደግድገው ጓሯቸው ውስጥ ተንበርክከዋል። በማንኪያ ቅርፊቱን ፈነቀሉ። አንድ እፍኝ ዘገኑ። ተነሡ፤ ነፋሱ ወደ ጅቡቲ እስኪዞር ጠበቁና እጃቸውን ከፈቱ።

«አፈሩን ገለባ ያድርግልህ፣ ልጄ» አሉ።

ባለሁበት ደረቅኩ። ይህ ለደህና ሰው የሚባል ቃል አይደለም። በሕይወት ላለ ሰው፣ ያውም እናት ለልጇ፣ በቁጣ እንኳ አትለውም። የሚባለው መቃብር ላይ ቆሞ፣ ለሞተ ብቻ ነው።

ዘወር ሲሉ አዩኝ። አልደነገጡም፤ እጃቸውን በነጠላቸው ጠርገው ከጎናቸው ያለውን ድንጋይ አሳዩኝ። ተቀመጥኩ። ከመቼ ጀምሮ እንደሚያውቁ ጠየቅኳቸው።

«ሁመድ በቦዩ ኋላ መዞር የጀመረ ቀን» አሉ። «ሁመድን ከሕፃንነቱ ጀምሮ እናውቀዋለን። እኔን ሲያይ መንገድ የሚቀይረው ሊነግረኝ ያልቻለው ወሬ ቢይዝ ነው። እንዲህ ያለ ወሬ ደግሞ ለእኔ አንድ ብቻ ነው ያለው። ከዚያ አንቺም ምንቴ ምን አለ ማለቱን ተውሽ።»

ታዲያ ለምን ዝም አሉን ስላቸው፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፃቸው ተሰበረ። «እናንተ ለእኔ ብላችሁ ስትጨነቁ አያለሁ። ጎመኑን ታመጣላችሁ። አውቄዋለሁ ብዬ ብነግራችሁ ምን ታደርጉ ነበር፣ ስንዱ? አብራችሁኝ እንዳታለቅሱ ተከልክላችኋል። ከመላው ሰፈር ይልቅ እኔ አንዷ ዝም ብል ይቀላል ብዬ ነው።»

የት እንደተቀበረ ጠየቁኝ። ስለ ሲሚንቶው ግድግዳ ነገርኳቸው፤ ከዚህ በኋላ ምን እደብቃለሁ።

«ጠርጥሬ ነበር። አፈር ያለበሰው ሰው የለም ማለት ነው» አሉ።

«የለም።»

«እንግዲህ እኔው ነኛ። በእፍኝ በእፍኝ ነው የማለብሰው፤ ምን ላድርግ፣ ከዚህ በላይ ብዘግን እናንተ ትጠማላችሁ።» ከዚያ ዞር ብለው ዓይን ዓይኔን አዩኝ። «አንቺ ሥራሽ ነው፤ ታውቂያለሽ። ይደርስ ይሆን?»

አንድ እፍኝ አፈር በዚያ ሁሉ ባሕር ላይ የት እንደሚገባ አውቃለሁ። አሳ ነው የሚበላው። «ይደርሳል» አልኳቸው።

ቀጥታ ወደ ጋሽ ሞላልኝ ሄድኩ። የሰማሁትን ስነግራቸው ባርኔጣቸውን ፊታቸው ላይ አድርገው ቆዩ። «እኛ ደብቀናታል ስንል እሷ እኛን ስትሸከም ከርማለች» አሉ። ያኔውኑ ሰዉን ከታንከሩ ሥር ሰበሰቡት፤ ሁመድንም ጭምር። ነገሩ ግልጽ ነው። በወጉ ካለቀስን የካምፕ ሰባት መሬት በሙሉ ይሰበራል፤ ያኔ የእሳቸውን ግቢ ብቻ ለይቶ የሚዘጋ የለም። መሬቱ ከተሰበረ አፈሩ ባሕር ማዶ ሰሌዳ ላይ ያርፋል፤ የቀረውን ሐምሌና ነሐሴን፣ የከፋውን ጊዜ፣ ያለ ውኃ ልንከርም ነው። ካላለቀስን ደግሞ እትዬ አልጣሽ በሳምንቱ መጨረሻ ግቢያቸው ይዘጋል፤ ልጃቸውን ቀብረው ሳይጨርሱ ይወሰዳሉ።

መንታ የወለደች ልጅ ነበረች፤ ልጆቿን በሁለት ክንዷ እንደያዘች ተነሣች። ልጆቼ ምን ሊጠጡ ነው አለች፤ ክፋት አልነበረባትም፣ እውነቷን ነው። ማንም አልተቆጣትም። እሷው ራሷ እንደገና ተናገረች፤ «እኔ ስወልድ ገላዬን ያጠቡኝ እትዬ አልጣሽ ናቸው። ጀሪካን ያለው ሁሉ ዛሬ ይሙላ» ብላ ተቀመጠች። በዚህ አለቀ። ያን ቀን ካምፑ ውስጥ ውኃ ያልያዘ ዕቃ አልነበረም፤ ድስቱ፣ ባልዲው፣ የሕፃን መታጠቢያው፣ የመስኪዱ ጀበና ሳይቀር ሞላ።

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ሽማግሌዎቹ በእትዬ አልጣሽ በር ገቡ። ቢያውቁትም መርዶ መርዶ ነው፤ በወጉ ተነገራቸው። የተናገረው ግን ጋሽ ሞላልኝ አልነበሩም። ሁመድ ፊታቸው ቁጢጥ ብሎ ተቀመጠና ዳጉውን ሰጣቸው። በምን ቀን እንደወደቀ፣ ሰሌዳው እርጥብ እንደነበረ፣ ማን እንዳነሣው፣ የት እንዳኖሩት፣ ማን እንደደወለ፣ እኛ ምን እንደመከርን፣ እሱ በቦዩ ኋላ ሲዞር ምን እንደተሰማው፣ ሳይጨምር ሳይቀንስ ሁሉንም ተናገረ። ሲጨርስ ትከሻው ወረደ። እትዬ አልጣሽ ሰምተው ሲያበቁ «አደራህን ተወጥተሃል» አሉትና ያኔ ጮኹ።

ከዚያ ሰዉ ከላስቲኩ መንገድ ወረደ። በዕድሜዬ እንዲህ ያለ ነገር አላየሁም። ጫማውን አወለቀ፤ ሴቶቹ እየተነሱ ወደቁ፤ ደረት ተመታ፤ ልጆች እንኳ፣ ረግጠውት የማያውቁትን መሬት፣ ፈራ ተባ እያሉ ረገጡት። ቅርፊቱ ከእግራቸው ሥር እየተሰበረ ድምፁ ይሰማኛል፤ ይህን ሁሉ ዓመት የደፈንኩት ሥራዬ ነው። አቧራው ተነሣ፤ ቀይ ቡና መሳይ፣ ወፍራም። ሰው ሁሉ እየዘገነ «አፈሩን ገለባ ያድርግለት» እያለ ወደ ነፋሱ ለቀቀው። ነፋሱ የዚያን ቀን ወደ ጅቡቲ ነበር፤ አንድ ጊዜም አልዞረም።

ቦቴዬ ሙጫ ሞልታ በር ላይ ቆማ ትጮኻለች። እትዬ አልጣሽ ከተደገፉበት ቀና ብለው «ዛሬ አትርጪ» አሉኝ። ሄጄ አጠፋኋት። ከዚያ ጫማዬን አውልቄ ገባሁ፤ አለቀስኩለት፤ ያን ቀልደኛ ልጅ አለቀስኩለት።

ጽሕፈት ቤቱ በዚያው ቀን ደወለ። መርማሪው መምጣቱ ቀረ፤ የሚመረምረው የለምና። ግቢ እንዝጋ ቢሉ ካምፑን በሙሉ መዝጋት ሊኖርባቸው ነው። እኔን ግን ከመስከረም በኋላ ቦቴውን ሌላ ሰው ይይዘዋል አሉኝ። እሺ አልኩ። ደግሞ ይህም አነሰኝ።

ከዚያ መጠበቅ ሆነ። አፈሩ ባሕሩን ለመሻገር ሳምንት ያህል ይፈጅበታል። ሰው ቧንቧ ላይ ዓይኑን ተክሎ ዋለ። ጠዋት ከፈትነው፣ ወረደ። ማታ ከፈትነው፣ ወረደ። ነገ ነው የሚዘጋው ተባለ። የጀሪካኑን ውኃ ማንም አልነካውም፤ ለክፉ ቀን ነው። ሁለተኛው ሳምንት ገባ። ቧንቧው አሁንም ይወርዳል። መንታዎቹን የወለደችው ልጅ ሌሊቱን እየተነሣች ትከፍተው ነበር አሉ፤ እውነት መሆኑን ለማየት።

ነሐሴ መጀመሪያ ላይ ነፋሱ ለአንድ ቀን ጋብ አለ፤ የጣቢያው ስልክ ጮኸ። ሱኒል ነው። የምንተስኖትን እናት አገናኙኝ አለ። ቦቴዋን እያበረርኩ ሄጄ እትዬ አልጣሽን ጋቢና ውስጥ አስቀምጬ አመጣኋቸው። ስልኩን በሁለት እጃቸው ይዘው ጆሯቸው ላይ ለጠፉት፤ እኔም ጠጋ ብዬ ሰማሁ።

ማሽኑ ያንኑ ደረቅ ድምፁን ይዞ ተረጎመ። ምንተስኖት ሲያጥብበት የነበረው ረድፍ ላይ ቀይ አፈር ወርዷል። መሣሪያዋን ሲያስጠጉ «ካምፕ ሰባት» አለች፤ ቀጣዩ ሰሌዳ ላይም፣ ከዚያም ቀጣዩ ላይ፣ ረድፉ እስኪያልቅ። ስሙን ያውቁታል፤ የማን ግቢ እንደሆነ እሱ ስንቴ ነግሯቸዋል። ሠራተኞቹ ተማከሩ። ውኃ አላፈሰሱም። በደረቅ ጨርቅ እያነሡ በባልዲ ሰበሰቡትና ወደ ግድግዳው ወሰዱት። ሣጥኑ የታሸገ ስለሆነ ሲሚንቶውን በአፈሩ ቀቡት፤ የተረፈውን ከግድግዳው ግርጌ ከመሩት።

ሱኒል እንደገና ተናገረ፤ ማሽኑም ተከተለው። «ወጋችሁን አላውቅም። ይበቃል? ወይስ ሌላ ትልካላችሁ?»

እትዬ አልጣሽ ስልኩን እንደያዙ ወደ በሩ ዞሩ፤ ውጭ ያለውን ሜዳ አዩ። ሰውየው መስመሩ የተቋረጠ መስሎት «ይሰማል?» አለ።

«ይበቃዋል፣ ልጄ» አሉት። «እጃችሁ ይባረክ። አሁን ለብሷል።»

ደጃቸው ስንደርስ ከጋቢናው እንደወረዱ ቱቦውን ራሳቸው አነሡና አቀበሉኝ። «በይ እንግዲህ ስንዱ፣ አሁን እርጪው» አሉ። ግቢውን ከፊት ለፊት ጀምሬ ረጨሁት፤ የሰዉን ዱካ፣ የወደቁበትን፣ ከሮቶው አጠገብ ያሉትን ትናንሽ ጉድጓዶች ሁሉ። እሳቸው ላስቲኩ ላይ ቆመው ያዩኛል። ጨርሼ ቱቦውን ስጠቀልል ጠሩኝ፤ እዚያ ጥግ ጋ ቀርቶሻል አሉኝ። ተመልሼ ደፈንኩት።